ጠበል ስለሆነው የሻወር ወለል የተያዘ ቃለ ጉባኤ

«ወለሉ አፍስሷል። በመጽሐፍ ቤት አይሠራም ብዬ ነበር፤ የሰማኝ የለም። እንዳልካቸው ከዛሬ ጀምሮ ከተቆጣጣሪነት ተነስቶ ጸሐፊ ይሁን፤ እጁ ለብዕር እንጂ ለሲሚንቶ አይሆንም። ነገ 3 ሰዓት ስብሰባ አለ። ወለሉ ይፈርሳል።»

ከላይ የሰፈረው የኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ይበልጣል ቅዳሜ ኅዳር 13 ቀን 2018 ዓ.ም. ከምሽቱ 12፡40 ላይ «የተሾመች ልጆች» በተባለው የቤተሰብ ቴሌግራም የለጠፉት መልእክት ነው። አንድ ፊደል አልተጨመረበትም፤ አልተቀነሰበትም። ጸሐፊ እንዲሆን የተፈረደበት እንዳልካቸው እኔ ነኝ። እጄ ለብዕር ይሆናል ከተባለ፣ እነሆ ብዕሩ።

ቀን፦ እሁድ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.
ቦታ፦ ንፋስ መውጫ፣ የእናታችን የወይዘሮ ተሾመች ቤት፣ ሳሎን
የተጠራበት ሰዓት፦ ከጠዋቱ 3፡00
የተጀመረበት ሰዓት፦ 3፡55 (የዘገዩት ሰብሳቢው ናቸው)

የተገኙ፦
1. አቶ ይበልጣል፣ ሰብሳቢ። የእናታችን የበኩር ልጅ። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በመንግሥት ቢሮ ሠላሳ አንድ ዓመት የሰበሰቡ።
2. አቶ እንዳልካቸው፣ ጸሐፊ። ሁለተኛ ልጅ፣ የፊዚክስ መምህር። እስከ ትናንት ምሽት 12፡39 ድረስ የሥራው ተቆጣጣሪ።
3. ወይዘሮ ውብነሽ፣ አባል። የመጨረሻ ልጅ፤ ከእናታችን ጋር የሚኖሩና እናታችንን የሚያስታምሙ።
4. ቄስ ወልደ ገብርኤል፣ የቤተሰቡ የንስሐ አባት። ድምፅ የሌላቸው አማካሪ።
5. ማቴዎስ፣ ሴራሚክ ነጣፊ። ድምፅም ወንበርም የሌለው፤ በተገለበጠ የቀለም ባልዲ ላይ የተቀመጠ።

ያልተገኙ፦ ወይዘሮ ተሾመች፣ 81 ዓመት። ሻወሩ የሚሠራው ለእሳቸው በመሆኑ የጥቅም ግጭት ይፈጠራል በሚል በሰብሳቢው ትእዛዝ አልተጠሩም። በሚቀጥለው ክፍል በአልጋቸው ላይ እንደሚገኙ ታምኗል።

ድምፅ ካላቸው ሦስት አባላት ሦስቱም ስለተገኙ ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል።

የጉዳዩ አመጣጥ

እናታችን ባለፈው የካቲት ወድቀው የዳሌ አጥንታቸው ተሰብሯል። ባሕር ዳር ታክመው ከተመለሱ ወዲህ በምርኩዝ ይንቀሳቀሳሉ። ገላቸውን የሚያጥቧቸው ወይዘሮ ውብነሽ ሲሆኑ፣ የሚታጠቡት በሳፋ ተቀምጠው ነው። ይህን እንደማይወዱት ደብቀው አያውቁም። በነሐሴ ወር ሦስታችንንም ጠርተው «ስሞት ትገንዙኛላችሁ፤ ያኔ እንደፈለጋችሁ እጠቡኝ። እስከዚያው በሬን ዘግቼ ለብቻዬ ልታጠብ» ብለዋል። ከመኝታ ክፍላቸው ጋር የተያያዘው ዕቃ ቤት ደረጃ የሌለው፣ ውሃ የማያሳልፍ፣ እግር የማያንሸራትት ሴራሚክ የተነጠፈበት ሻወር እንዲሆን የተወሰነው በዚህ ምክንያት ነው። ሥራው አርባ ቀን ወስዷል። እናታችን ሴራሚኩ መነጠፉን ካዩ በኋላ ሳፋ ውስጥ አልገባም ብለው ሳይታጠቡ ከተቀመጡ ዛሬ አሥራ ሁለተኛ ቀናቸው ነው። ወለሉ ከፈረሰ ሌላ አርባ ቀን ይጨመራል። ጉባኤው የተቀመጠው በዚህ ላይ ነው፤ ምንም እንኳ ይህን ያስታወሰ አባል ባይኖርም።

ለክሱ ምክንያት የሆነው ሙከራ እንደሚከተለው ነበር። ሐሙስ ኅዳር 11 ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ጸሐፊው፣ ያኔ ተቆጣጣሪ፣ የውሃ መውረጃውን ቀዳዳ በጨርቅና በላስቲክ ወተፈ፤ በሩ ላይ የጣውላ ግድብ ሠራ፤ በባጃጅ የመጣ አምስት ጀሪካን ውሃ ወለሉ ላይ ገለበጠ፤ የውሃውን ከፍታ በእርሳስ ግድግዳው ላይ ምልክት አደረገ። ውሃው ሁለት ቀን ተኝቶ ከምልክቱ ካልወረደ ወለሉ አያፈስም፤ ከወረደ ያፈሳል። ቅዳሜ በ10 ሰዓት ሲለካ 24 ሚሊ ሜትር ወርዶ ተገኘ። ጸሐፊው ልኬቱን በሐቀኝነት ለቤተሰቡ አሳወቀ። የሐቀኝነቱ ዋጋ ከላይ ተጠቅሷል።

አጀንዳ አንድ፦ «ያፈሰሰውን ወለል ስለማፍረስ»

ስብሰባው በጸሎት ተከፈተ። ሰብሳቢው ሃያ ሁለት ደቂቃ የፈጀ ንግግር አደረጉ። ወለሉን የሚመለከተው የመጨረሻው አንድ ደቂቃ ሲሆን፣ ሃያ አንዱ በሥራ ዘመናቸው ስላስፈረሷቸው ግንባታዎች ነበር።

ጸሐፊው የአጀንዳው አጻጻፍ ፍርዱን ከምርመራው እንዳስቀደመ ገልጾ «ያፈሰሰውን» የሚለው ቃል እንዲወጣ ጠየቀ። ሰብሳቢው አጀንዳ ፍርድ አለመሆኑን፣ ፍርዱ ቀጥሎ እንደሚመጣና ጸሐፊ ይጽፋል እንጂ አይከራከርም የሚለውን አስረዱ። ወይዘሮ ውብነሽ ዶሮውን ጥደው የመጡ መሆናቸውን፣ ነገ ጾመ ነቢያት ስለሚገባ ዛሬ ካልተበላ የሚበላው በገና መሆኑን አሳስበው፣ ወንድማማቾቹ የሚጣሉትን ጠቅልለው እንዲጣሉ ለመኑ። ቄስ ወልደ ገብርኤል ሐሳቡን ደገፉ።

ማቴዎስ ቃሉን እንዲሰጥ ታዘዘ። ውሃ መከላከያውን ቅብ ሁለት ጊዜ መቀባቱን፣ ሁለተኛውን የቀባው አንደኛው ከደረቀ በኋላ መሆኑን፣ ማዕዘኖቹን በቅብ በተነከረ ጨርቅ ማጠናከሩን፣ ቅቡ ግድግዳው ላይ እስከ ጉልበት መውጣቱን፣ ወደ ቀዳዳው የሚወርደውን ተዳፋት ጸሐፊው በውሃ ልክ እየለካ ሦስት ጊዜ እንዳስፈረሰበት ተናገረ። ሴራሚኩ ሳይነጠፍ በፊትም ይኸው ሙከራ ተደርጎ ውሃው ከምልክቱ ንቅንቅ እንዳላለ አስታወሰ። «ጋሼ እንዳልካቸው እኮ የሴራሚኩን ሥር ሁሉ በባትሪ ነው የሚያዩት። ይኸ ወለል ካፈሰሰ ጣናም ያፈሳል» ሲል ደመደመ።

ወይዘሮ ውብነሽ «ጣናማ ያፈሳል፤ ዓባይ ታዲያ ከየት መጣ?» ሲሉ ጠየቁ። ሰብሳቢው ጣና በአጀንዳ ስላልተያዘ ከቃለ ጉባኤው እንዲወጣ አዘዙ። አልወጣም።

ሰብሳቢው ቀጥለው ወለሉ ካላፈሰሰ ውሃው የት እንደገባ ማቴዎስን ጠየቁ። ማቴዎስ ሰው ጠጥቶት ይሆናል ብሎ መለሰ። ሰብሳቢው በጉባኤ መቀለድ ነውር መሆኑን ገሠጹ።

በዚህ ጊዜ ወይዘሮ ውብነሽ፣ ከዚህ በፊት አድርገውት በማያውቁት ትሕትና፣ እጃቸውን አውጥተው አንድ ጀሪካን ስንት ሚሊ ሜትር እንደሚሆን ጸሐፊውን ጠየቁ። ጸሐፊው የወለሉ ስፋት 1.8 ካሬ ሜትር ስለሆነ ሃያ ሊትር ወደ አሥራ አንድ ሚሊ እንደሚጠጋ አሰላ።

«ሁለት ጀሪካንስ?»

ሃያ ሁለት።

ወይዘሮ ውብነሽ ድስቱን አይቼ ልምጣ አሉ። አልተፈቀደላቸውም።

በጥያቄ ብዛት የሚከተለውን ገለጹ። አርብ ኅዳር 12 የሚካኤል ዕለት እናታችን እንደ ልማዳቸው ወደ ጠበሉ መውረድ ስላልቻሉ የንስሐ አባታቸው መጥተው በቤት ውሃ ላይ ጸሎት እንዲያደርሱላቸው ጠየቁ። ቄሱ ከቅዳሴ መልስ መጡ። የቧንቧ ውሃ ከጠፋ ግን አሥር ቀን ሆኖት ነበር። በርሜሉ ባዶ ነው፤ እንስራው ባዶ ነው። ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው ውሃው የታል ሲሉ፣ በቤቱ የነበረው ውሃ ወንድማቸው ወለል ላይ አስተኝቶ በእርሳስ የሚጠብቀው ብቻ ነበር። «ታዲያ ምን ልበል? ውሃ የለም ብዬ ሐሰት ልናገር በሚካኤል ቀን? ያው እዚያ አልኋቸው» ብለዋል።

ቄስ ወልደ ገብርኤል አረጋገጡ። «በሩን ብትከፍትልኝ በነጭ ሴራሚክ ያጌጠ፣ ጠርቶ የቆመ ውሃ ያለበት ገንዳ አየሁ። በየደብሩ አሁን የሚሠራው መጠመቂያ ቁርጥ ይህንን ነው። ልጆቿ ለእናታቸው መጠመቂያ ሠሩላት ብዬ ተደስቼ፣ መርቄያችሁ ነው የሄድሁት። ወለል ነው ያለኝ የለም።» ጸሎቱ በሙሉ መድረሱን፣ መስቀሉም ውሃው ውስጥ መግባቱን ለጸሐፊው ጥያቄ መልሰዋል። ጸሐፊው ቡራኬው ሊነሳ ይችል እንደሆነ ጠየቀ። ቄስ ወልደ ገብርኤል ጸሐፊው ለመጨረሻ ጊዜ ንስሐ የገባው መቼ እንደሆነ ጠየቁት። ጸሐፊው ጥያቄውን ሰርዟል።

ጎረቤታችን ወይዘሮ ይታይሽ በአጥር ላይ ተጠርተው በምስክርነት ቀረቡ። ቄሱ ሲወጡ አይተው ወሬውን መስማታቸውን፣ ሁለት ጀሪካን ይዘው መጥተው በጣሳ እየቀዱ መሙላታቸውን፣ ጣሳውንም እዚያው መርሳታቸውን አመኑ። አንዱ ጀሪካን ለቤተሰባቸው ነው። ሁለተኛው ከመስከረም ጀምሮ እየተራገጠች አልታለብም ላለች ላማቸው ነው። ሰብሳቢው ላሚቱ ከአርብ ወዲህ እንዴት እንደሆነች ጠየቁ። ጸሐፊው ጥያቄው ከአጀንዳው ጋር ግንኙነት እንደሌለው ተቃወመ። ወይዘሮ ይታይሽ ወተቱን ላምጣላችሁ ወይ አሉ። ተመስግነው ተሸኙ።

ጸሐፊው ሂሳቡን አቀረበ። ከጎደለው 24 ሚሊ ውስጥ 22ቱ በወይዘሮ ይታይሽ ቤትና በላማቸው ሆድ ነው። የቀረው ሁለት ሚሊ ለእናታችን በጠርሙስ የተቀዳውና አየር የወሰደው ነው። በወለሉ ያለፈ ውሃ መጠን፦ ዜሮ።

በዚህ ጊዜ በሰብሳቢውና በጸሐፊው መካከል የተደረገው ልውውጥ በሰብሳቢው ጥያቄ እንዳለ ተመዝግቧል።

ሰብሳቢው፦ ውሃው ጎድሏል ወይስ አልጎደለም?
ጸሐፊው፦ ጎድሏል፤ ነገር ግን…
ሰብሳቢው፦ ነገር ግን የሚባል ነገር የለም። ጎድሏል። ኮሚቴው የሚያየው ውጤት ነው።
ጸሐፊው፦ ወንድም ጋሼ፣ ሰው በጣሳ ቀድቶት እኮ ነው።
ሰብሳቢው፦ ስብሰባ ላይ ነን፤ ሰብሳቢ በለኝ።
ጸሐፊው፦ ክቡር ሰብሳቢ፣ ሰው በጣሳ ቀድቶት እኮ ነው።

ሰብሳቢው እውነተኛ ችግራቸውን የገለጹት ከዚህ በኋላ ነው። «ወለሉ አፍስሷል» የሚለውን መልእክት አሥራ አንድ ዘመድ አይቶታል፤ አራቱ አውራ ጣት አድርገውበታል፤ ወገዳ የሚኖሩት አጎታችን ደግሞ በድምፅ መልእክት አዝነዋል። ወጥቶ የታዘነበትን ውሳኔ መመለስ የኮሚቴውን ክብር ይነካል።

ከረጅም ውይይት በኋላ፣ ሁለቱን ወገን ለማስታረቅ፦

ውሳኔ 1። ወለሉ «በከፊል እንዳፈሰሰ» እንዲቆጠርና ግማሹ እንዲፈርስ በሁለት ድጋፍና በአንድ ተቃውሞ ተወሰነ። ወይዘሮ ውብነሽ የደገፉት ስብሰባው እንዲያልቅ ብቻ መሆኑን በግልጽ ተናግረዋል። ማቴዎስ የትኛው ግማሽ እንደሆነ ጠየቀ። ሰብሳቢው ያፈሰሰው ግማሽ ነው ብለው መለሱ።

አጀንዳ ሁለት፦ የተባረከውን ውሃ ስለማስወጣት

ሰብሳቢው ይህ አጀንዳ የሁለት ደቂቃ መሆኑን፣ ውታፉ ተነቅሎ ውሃው እንዲሄድና ማቴዎስ መዶሻውን እንዲያነሳ ሐሳብ አቀረቡ።

ቄስ ወልደ ገብርኤል ውሃው የሚሄደው ወዴት እንደሆነ ጠየቁ። ጸሐፊው መውረጃው በቱቦ አድርጎ ከመጸዳጃ ቤቱ ፍሳሽ ጋር ወደ አንድ ጉድጓድ እንደሚገባ፣ ይህም በንድፉ ላይ በቀይ እንደተሰመረ አስረዳ። ማቴዎስን ሳል ያዘው።

ቄስ ወልደ ገብርኤል ራሳቸውን ነቀነቁ። ጠበል ከመጸዳጃ ጉድጓድ እንደማይጣል፣ እግር በሚረግጠው ደጅም እንደማይደፋ፣ ይህን አይሆንም ለማለት ስብሰባ እንደማያስፈልግ ተናገሩ። ሰብሳቢው ውሃው ሳይባረክ የገባ የግንባታ ውሃ ስለሆነ እንደ ግንባታ ዕቃ ይቆጠር ሲሉ ጠየቁ። ቄሱ «አንተም ሳትጠመቅ ነው የተወለድህ ልጄ፤ እንደዚያው እንቁጠርህ?» ሲሉ መለሱ። ሰብሳቢው ሐሳባቸውን ሰርዘዋል።

የሚከተሉት አማራጮች ቀርበው ተመረመሩ።

ወይዘሮ ውብነሽ ውሃው በጣሳ ተቀድቶ ለጎረቤት ይታደል አሉ። ሰብሳቢው የቀረውን ስድሳ ሊትር ገደማ ለማደል የስም ዝርዝር፣ ለስም ዝርዝሩም ንዑስ ኮሚቴ እንደሚያስፈልግ ገለጹ።

ውሃው እስኪደርቅ ይጠበቅ የሚል ሐሳብ ከሰብሳቢው መጣ። ጸሐፊው በቀን አንድ ሚሊ ሜትር እንደሚተን፣ በቀዳዳው ዙሪያ ያለው ጥልቀት 46 ሚሊ ስለሆነ ወለሉ ታኅሣሥ 30 ቀን፣ በገና ማግስት፣ እንደሚደርቅ አሰላ። ሰብሳቢው ጥሩ ነው፣ ያኔ ጾሙም ተፈትቷል አሉ። እናታችን እስከዚያ ምን እንደሚሆኑ የጠየቀ ጸሐፊው ብቻ ነው። ሰብሳቢው የእናታችን ጉዳይ «በልዩ ልዩ» እንደሚታይ አስታወቁ።

ስለ ማፍረሱ ቄስ ወልደ ገብርኤል አንድ ነገር ጨመሩ። ጠበል ተኝቶበት የሰነበተ ሴራሚክ ቢፈርስ ስባሪው ከቆሻሻ ጋር እንደማይጣልና ወደ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ መሄድ እንዳለበት ተናገሩ። ጥቂት አስበውም፣ ሳይሰበር ቢነሳ ደግሞ የተሻለ መሆኑን፣ ደብሩ ለመጠመቂያው ግድግዳ ከዚሁ ዓይነት ሁለት ካሬ ያህል እንደጎደለው፣ ይህን የሚሉት ግን በአማካሪነት ብቻ መሆኑን ገለጹ። ማቴዎስ ሴራሚኩ በእሱ አነጣጠፍ ሳይሰበር እንደማይነሳ ተናገረ። የተናገረው በኩራት ነው።

ከረጅም ውይይት በኋላ፦

ውሳኔ 2። ውሃው እስኪደርቅ ወለሉ እንዳይነካ፤

ውሳኔ 3። ወለሉ ከደረቀ በኋላ ግማሹ እንዲፈርስና ስባሪው ለደብሩ በርክክብ እንዲሰጥ፤

ውሳኔ 4። እስከዚያ ድረስ እናታችን ወደ ሳፋ እንዲመለሱ፣ ውሳኔውንም ወይዘሮ ውብነሽ በለስላሳ ቃል እንዲነግሯቸው በሁለት ድጋፍና በአንድ ተቃውሞ ተወሰነ። ወይዘሮ ውብነሽ ውሳኔውን ደግፌያለሁ፣ መንገሩን ግን ሰብሳቢው ራሳቸው ይሞክሩት ብለዋል። ሰብሳቢው የበላይ አካል ለባለጉዳይ በቀጥታ እንደማይናገር አስረዱ።

ስብሰባው ስለመቋረጡ

ከቀኑ 6፡20 ላይ ወይዘሮ ውብነሽ ድስቱን ለማየት ወጡ። ሰብሳቢው ወደ «ልዩ ልዩ» ሊገቡ ሲሉ ወይዘሮ ውብነሽ ማማሰያውን እንደያዙ ተመልሰው፣ አልጋው ባዶ መሆኑን፣ የሻወሩ በርም ከውስጥ መዘጋቱን አሳወቁ።

ጉባኤው ባለበት ሁኔታ ወደ በሩ ተዛወረ። ከውስጥ ውሃ በጣሳ እየተቀዳ ሲፈስ ይሰማ ነበር። ሰብሳቢው አንኳኩ።

«ማነው?»

ሰብሳቢው ይበልጣል መሆናቸውን ተናገሩ።

«እየታጠብሁ ነው። ሂድ።»

ሰብሳቢው ወለሉ በምርመራ ላይ መሆኑንና በኮሚቴ ውሳኔ መታገዱን ገለጹ። እናታችን የትኛው ኮሚቴ ሲሉ ጠየቁ። ሰብሳቢው የልጆችዎ ኮሚቴ አሉ። እናታችን ልጆቻቸው ሦስት መሆናቸውን እንጂ ኮሚቴ መውለዳቸውን እንደማያስታውሱ መለሱ።

ወይዘሮ ውብነሽ ውሃው ውርጭ ነው፣ ይታመማሉ፣ አንድ ማንቆርቆሪያ ላሙቅልዎ ብለው ለመኑ። «ጠበል ሞቆ ያውቃል?» ተባሉ። ጸሐፊው ምን ላይ እንደተቀመጡና የጣውላውን ግድብ እንዴት እንደተሻገሩ ጠየቀ። የፕላስቲክ ወንበር ላይ መሆናቸውን፣ ግድቡን ደግሞ እንደ ሰው መሻገራቸውን ገለጹ። ቀጥለውም ለሁሉም የሚሆን የሚከተለውን ተናገሩ።

«አርብ ዕለት የንስሐ አባቴን ያስጠራሁት ለምን መሰላችሁ? ውሃው እንዲጎለት ነው? ጠበል ይታጠቡበታል። ሁለት ሰዓት ሙሉ በግድግዳው ሰማኋችሁ፤ ግማሹ ይፍረስ፣ በገና ይድረቅ፣ ሳፋ ይምጣ። አንዳችሁም ትታጠብበት አላላችሁም።»

ሰብሳቢው ወደ ቄስ ወልደ ገብርኤል ዞሩ። ቄሱ በቃሉ ላይ የሚጨምሩት እንደሌለ፣ ይህን አስቀድሞ ማሰብ የነበረባቸው እሳቸው መሆናቸውን፣ ረሃብ ሐሳብ እንደሚበትን ተናገሩ።

ቀጥሎ ከውስጥ «ይኸ ጨርቅ ምንድነው?» የሚል ድምፅ ተሰማ። ጸሐፊው እንዳይነካ፣ ውታፉ መሆኑን ጮኾ አስታወቀ። እናታችን ሰው በቆመ እድፍ ውስጥ አይለቃለቅም ብለው በምርኩዛቸው ጫፍ ነቀሉት።

ውሃው መውረድ ጀመረ። ቄስ ወልደ ገብርኤል አማተቡ። ሰብሳቢው ለዚህ ተጠያቂው ማን እንደሆነ እንዲመዘገብ አዘዙ። ቄሱ ጠበሉ ከመጸዳጃ ጉድጓድ ሳይገባ የሚያዝበት መንገድ ካለ ብለው ሲጠይቁ፣ ጉባኤው በሩጫ ወደ ጓሮ ወጥቶ የጉድጓዱን ክዳን ከፈተ። ወደ ጉድጓዱ የገባ ውሃ አልነበረም። ውሃው ቤት ውስጥ ሲወርድ ይሰማል፤ ጉድጓዱ ጋ አልደረሰም። ሰብሳቢው በፊታቸው ላይ በግልጽ በታየ እርካታ «አፍስሷል አላልሁም?» አሉ።

ማቴዎስ ባርኔጣውን አወለቀ። «ጋሼ እንዳልካቸው፣ አይቆጡኝ» ብሎ ጀመረ። ቱቦው ከጉድጓዱ ጋር ገና አልተገናኘም። የሚያገናኘው ክርን የሚባለው የቱቦ መታጠፊያ ከንፋስ መውጫ ጠፍቶ ነበር። እስኪመጣ ድረስ የቱቦውን አፍ ከጓሮው ጥግ ከጌሾው ሥር አውጥቶ አፈር አልብሶታል። ተገናኝቷል ብሎ ለጸሐፊው የነገረው፣ ካልተገናኘ ጸሐፊው ሁሉንም እንደገና ያስፈርሰኛል ብሎ በመስጋቱ ነው።

ጉባኤው ወደ ጌሾው ሄደ። ውሃው ከአፈሩ ፈልቆ በጌሾው ግንድ ዙሪያ ይሰርግ ነበር። ቦታው ለአጥሩ የተጠጋ፣ ሰው የማይረግጠው፣ ንጹሕ አፈር ነው። ቄስ ወልደ ገብርኤል ጎንበስ ብለው ተመለከቱና ጠበል የሚወርደው እንዲህ ካለው ቦታ መሆኑን፣ እሳቸው አስቀድመው ቢጠየቁም ከዚህ የተሻለ እንደማይመርጡ መሰከሩ። ሰብሳቢው ለማቴዎስ የምስጋና ደብዳቤ እንዲጻፍ ሐሳብ አቀረቡ። ጸሐፊው አርባ ቀን ሙሉ በየማለዳው «ተገናኝቷል?» እያለ «ተገናኝቷል» ሲባል የኖረ ሰው መሆኑን ጠቅሶ፣ ይህን ደብዳቤ የሚጽፍ ሌላ ጸሐፊ እንዲፈለግ ተናገረ።

ጸሐፊው ለብቻው ወደ መኝታ ክፍሉ ገብቶ ከሻወሩ ጋር የሚዋሰነውን ግድግዳ ከሥር እስከ ጉልበት በእጁ ዳሰሰ። አቧራ ነው። እናታችን በሩን ሲከፍቱም ወለሉን አየ። ውሃው በተዳፋቱ ተከትሎ ሄዷል፤ በየትኛውም ማዕዘን የቆመ ጠብታ አልተገኘም።

እናታችን ፀጉራቸው እርጥብ ሆኖ፣ ነጠላቸውን ተከናንበው፣ ምርኩዛቸውን ይዘው ወጡ። አምስታችንም በረድፍ ቆመን ነበር።

«ምነው? ሰው ታጥቦ ሲወጣ አይታችሁ አታውቁም?» አሉ።

ጸሐፊው ለሁለት ደቂቃ ያህል አልጻፈም። ምክንያቱ አይመዘገብም።

የመጨረሻ ውሳኔ

ጉባኤው በኮሪደሩ ላይ እንደቆመ ተወያይቶ፣ ውሳኔ 1 ስለ ግማሽ ማፍረስ፣ ውሳኔ 2 ስለ ማድረቅ፣ ውሳኔ 3 ስለ ስባሪ ርክክብ፣ ውሳኔ 4 ስለ ሳፋ የተወሰኑት በሙሉ ከመጀመሪያውም እንዳልተወሰኑ እንዲቆጠሩ በሙሉ ድምፅ ወሰነ። ወይዘሮ ተሾመች አባል ባይሆኑም እጃቸውን አውጥተዋል፤ ድምፃቸው እንደ ሦስት ተቆጥሯል። በእሳቸው ሐሳብ አቅራቢነትም ኮሚቴው ራሱ ፈርሷል። ማቴዎስ ቱቦውን ባለበት እንዲተወው ቄሱ መክረዋል። ጸሐፊው ተቃውሞውን አስመዝግቧል፤ ሳሙና የገባበት ውሃ በየቀኑ ለጌሾ አይሆንምና።

ስብሰባው ከቀኑ 7፡05 ላይ፣ «ልዩ ልዩ» ሳይታይ፣ ዶሮው ቀርቦ አብቅቷል።

የጸሐፊው ማሳሰቢያ

ማቴዎስ ቱቦውን በሚመለከት ለምን ሐሰት እንደተናገረ፣ አቶ ይበልጣል ደግሞ «ወለሉ አፍስሷል» እና «እጁ ለሲሚንቶ አይሆንም» ያሉትን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች በየትኛው ማስረጃ እንደጻፉ፣ ማስረጃ ከሌላቸውም አሥራ አንዱ ዘመድ ባየበት በዚያው ቴሌግራም ስለ መሳሳታቸው፣ እያንዳንዳቸው እስከ አርብ ኅዳር 19 ቀን 2018 ዓ.ም. ከቀኑ 11 ሰዓት ድረስ በጽሑፍና በፊርማ እንዲመልሱልኝ እጠይቃለሁ። አቶ ይበልጣል በዛሬው ምሳ ላይ የዶሮውን ፈረሰኛ ጠቅልለው አጉርሰውኛል። ፈረሰኛው በቤታችን ልማድ የበኩር ልጅ ድርሻ መሆኑን አውቃለሁ። አፌ ሞልቶ ስለነበር በሰዓቱ መልስ አልሰጠሁም፤ አሁን እሰጣለሁ። በጉርሻ የሚቀርብ ምላሽ፣ የፍስክም ይሁን የጾም፣ ተቀባይነት የለውም።

እንዳልካቸው፣ የፈረሰው ኮሚቴ ጸሐፊ